ብቻውን የመጣ ልብስ

ከአገሬ ልጆች ጋር ተሰብስበን ስንጫወት ሁሉም የወጣበትን ሌሊት ያወራል። ጅቡን፣ በረሃውን፣ የደላላውን ባትሪ። እኔ እንዲህ ያለ ወግ የለኝም። እኔ የጠፋሁት በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ጀርመን አገር ካለ ሆቴል በዋናው በር ወጥቼ ነው። እንግዳ ተቀባይዋ ልጅ እንዲያውም ፈገግ ብላ «ቹስ» አለችኝ፤ ቻው ማለታቸው ነው። በእጄ የነበረው አንድ ፌስታል ብቻ ነው። በፌስታሉ ውስጥ የሰው ቀሚስ አለ፤ ልተኩሰው ብዬ ነበር የወሰድኩት።

ይህንን የምጽፈው አገር ቤት ሆኖ «እዚያ ማዶ ምን አለ?» ለሚል ሰውና እንደኔ ወጥቶ መግቢያው ለጠፋበት ነው። ትርንጎ እባላለሁ። የአንበሳሜ ልጅ ነኝ፤ እንጀራዬን የቆረስኩት ግን ደብረ ታቦር ነው። ሥራዬ ዳንስ ነበር። ዳንስ ስል የሠርግ ቤት እስክስታ እንዳይመስላችሁ። እሱንም ሠርተናል፤ መምህራችን ግን ሌላ ነገር አመጣብን።

መምህር አድማሱ ድሮ የስፖርት አስተማሪ ነበሩ። አዲስ አበባ ሄደው ጥቂት ወራት ዘመናዊ ዳንስ ተምረው ሲመለሱ አምስት ሴቶች ሰበሰቡና ከአሮጌ ወፍጮ ቤት ውስጥ አስገቡን። «ካሁን በኋላ ማንንም አናዝናናም» አሉን በመጀመሪያው ቀን። «የምናውቀውን እናሳያለን።» የሚያውቁትን ማሳየት ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ ያኔ አልገባንም። አንዱ ሥራችን ሳታድግ ስለተዳረች ልጅ ነው፤ አንዷ ሌላዋን አዝላ ሃያ ደቂቃ ሙሉ እግሯን መሬት አታስነካትም። ሌላው ስለ ደም ዕርቅ ነው፤ በዳይ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ሲንበረከክ የምናየውን እኛ እውነተኛ ድንጋይ ተሸክመን ሠራነው። የወፍጮ ቤቱ ወለል ሲሚንቶ ነበር። ጉልበቴን የጨረሰው እሱ ነው።

ሦስተኛው ሥራችን የውባለም ታሪክ ነው። ነገሬ ሁሉ ከሱ ስለሚጀምር ረጋ ብዬ ልንገራችሁ።

ውባለም ከአምስታችን አንዷ ናት። ከኛ ጋር ከመግባቷ በፊት ዓረብ አገር ነበረች። እዚያ ከአሠሪዋ ቤት አምልጣ ተይዛ ታሰረች። ቤተሰቧ ይህን አያውቅም። የሚያውቀው ስልኳ መዝጋቱን ነው። ስምንት ወር ሙሉ ድምፅዋ ጠፍቶ ሳለ አንዲት ከዚያው የተመለሰች ልጅ የውባለምን ሻንጣ ይዛ ደብረ ታቦር መናኸሪያ ወረደች። አሠሪዋ ከደጅ የወረወረውን ሻንጣ ሰው ነግሯት አንሥታ ነው ያመጣችው፤ ደግ ሥራ የሠራች መስሏት። «እሷስ?» አሏት። «እሷን አላየኋትም» አለች። ሻንጣው ሲከፈት ቀሚሶቿ፣ ነጠላዋ፣ አንድ ጥንድ ጫማ። ሰው የለም።

በኛ አገር አንድ ሰው ርቆ ሞቶ አስከሬኑ ካልመጣ ልብሱ አልጋ ላይ ተዘርግቶ ይለቀሳል። ታዲያ ልብሱ ብቻውን ሲመጣ ሰው ሌላ ምን ያስባል? አለቀሱላት። አርባዋ ወጣ፣ ተዝካሯ ተበላ፣ ቀሚሶቿም እንደ ደንቡ ለድሆች ተሰጡ። ከዓመት ተኩል በኋላ ውባለም ከእስር ተፈትታ በእግሯ መጣች። እናቷ ደጃፍ ላይ ስታያት ወደቀች። ቄስ ተጠርቶ ጠበል ረጫት። ገበያ ስትወጣ «ተዝካሯ የተበላው» እያሉ ይጠቋቆሙባት ነበር። ከቀሚሶቿ አንዱን ብቻ አገኘችው፤ የለበሰችውን ሴት መንገድ ላይ አቁማ ለምና አስመለሰችው። ነጭ ነው፣ ጫፉ አረንጓዴ ጥልፍ አለው።

መምህር አድማሱ ይህን ሰምተው ሥራ አደረጉት። ቀሚሱ መሐል ላይ ይዘረጋል። አራታችን ደረት እየደቃን እንዞረዋለን። አምስተኛዋ በሕይወት ትመጣለች። ከአንዷ ፊት ትቆማለች፣ አታያትም። ከሌላዋ ፊት ትቆማለች፣ አታያትም። በመጨረሻ የምታደርገው ሲጠፋት እሷም ከክቡ ገብታ በገዛ ልብሷ ላይ ታለቅሳለች። አምስተኛዋን ውባለም ትሠራለች ብለን ነበር። እሷ ግን «እኔ አንዴ ሞቻለሁ፣ ይበቃኛል» አለች። ዕጣው ለኔ ወጣ።

እዚህ ላይ እናቴን ላስተዋውቃችሁ። እናቴ ጥሩነሽ፣ እማማ ጥሩ የሚሏት፣ ሙሾ አውራጅ ናት። ከአንበሳሜ እስከ ሐሙሲት ለቅሶ ካለ እሷ ትጠራለች። ደረት የምትደቃበትን ልክ፣ አንገቷን የምትሰብርበትን፣ ከዚያ ድንገት ቀጥ ብላ ቆማ ዝም የምትልበትን፣ ከልጅነቴ ጀምሮ በዓይኔ ለቅሜዋለሁ። ያንን ሁሉ ወፍጮ ቤት ይዤ ገባሁ። መምህራችን ሲያዩት አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

የመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ ድምፅ የተለማመድን ቀን ጉድ ፈላ። ገና ሙሾው ሦስተኛ ቤት ሳይደርስ በሩ ተበረገደና ሰፈሩ ገባ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፍነው። ለቅሶ ሰምቶ ማለፍ በኛ ዘንድ ነውር ነው። አንድ ሽማግሌ ግድግዳ ተደግፈው ደህና አድርገው አለቀሱና ሲበቃቸው ወደ መምህር አድማሱ ዞሩ።

«ለመሆኑ የሞተው ማን ነው?»

«ማንም አልሞተም አባባ። ልምምድ ነው።»

«ልምምድ? ሞት ልምምድ አለው እንዴ?»

እኛ አንገታችንን ደፋን። መምህራችን ግን ማታ ሲስቁ ዕንባቸው እየወረደ «ከዚህ የበለጠ ምስክር ከየት ይመጣል?» አሉ።

ወሬው አንበሳሜ ለመድረስ ሁለት ቀን አልፈጀበትም። እናቴ በሦስተኛው ቀን ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆመች። አልገባችም።

«ሙሾየን ሰረቅሽኝ አልልም» አለችኝ። «ሙሾ የሁሉም ነው። ግን አንች፣ በቁምሽ ራስሽን ታስለቅሻለሽ?»

«ልብሱ እኮ የኔ አይደለም እማየ። የውባለም ነው።»

«ልብሱ የማንም ይሁን። የማትታየዋ አንች ነሽ። ይኸ ሟርት ነው። ትተሽው እስክትመጭ ድረስ ከኔ አፍ ቃል አታገኝም።»

እናቴ የተናገረችውን የምታደርግ ሴት ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ አላናገረችኝም። ለበዓል አንበሳሜ ስሄድ ምግብ ታቀርብልኛለች፣ ውሃ ታስታጥበኛለች፣ መደብ ላይ ታነጥፍልኛለች፤ ሁሉንም ዝም ብላ። በመንደሩ ለሞተ ሁሉ ስንኝ የምትደረድር ሴት ለኔ በቁሜ ላለሁት አንዲት ቃል ነፈገችኝ። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሥራውን አንድ ጊዜ ተቀምጣ እንድታየው። ካየችው እንደምትረዳው አውቅ ነበር። አልመጣችም።

እንዲህ ሆነን ሳለ ነው ጀርመን አገር ለሚደረግ የዳንስ በዓል የተጋበዝነው። ኤምባሲው ሁላችንም እንደምንመለስ መምህር አድማሱን አስፈረማቸው። ፈረሙ። ሦስት ትርኢት ነበረን። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ሠራን። ወለሉ እንጨት ነበር፤ ስትወድቅበት ከሥር የሚቀበልህ፣ ስትነሣ የሚያግዝህ ዓይነት። በሃያ ስድስት ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጉልበቴን ሳያመኝ ጨፈርኩ። በሦስተኛው ቀን ከምሳ በኋላ የውባለምን ቀሚስ እንድተኩስ ተራዬ ነበረና ካውያ ያለበትን ክፍል ፍለጋ ወረድኩ። ክፍሉ ተቆልፏል። በሩ ፊት ቆሜ ከጥቂት ቀን በኋላ ሲሚንቶው ላይ እንደምመለስ፣ ከሲሚንቶው ወደ ዝምተኛዋ እናቴ እንደምሄድ አሰብኩ። ከዚያ እግሬ ወጣ። አቅጄ ነበር ብል ውሸት ነው። አላቀድኩም ብልም ማን ያምነኛል?

ማታ ትርኢት እንዳለ አውቅ ነበር። ቀሚሱ በእጄ እንዳለም አውቅ ነበር። ባቡር ውስጥ ተቀምጬ ፌስታሉን ጭኔ ላይ አድርጌ «በሚቀጥለው እወርዳለሁ» እያልኩ ስድስት ጣቢያ አለፍኩ።

ከዚያ ያለውን ስደተኛ ሁሉ ያውቀዋል። ሃይም የሚሉት የስደተኞች መኖሪያ፣ አራት ሴት በአንድ ክፍል፣ የሽንት ቤት ወረፋ። እዚያ ያሉ ሱዳኖችና ሶማሌዎች ብርዱን ሲራገሙ እኔ እስቅባቸው ነበር፤ የጉና ተራራን ቁር ለጠጣ ሰው ይኸ ብርድ ወንድሙ ነው። ልዩነቱ የኛው ብርድ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ፀሐይ ስትሞቅ ይቅርታ ጠይቆ ይሄዳል። የዚህ ግን እስከ ፋሲካ ተቀምጦ ይበላል። ምሳ ድንች፣ እራት ድንች። ከድንች አገር ተሰድጄ ድንች አገር ገባሁ! ያውም ሚጥሚጣ የማያውቅ፣ ተልጦ የሚቀርብ፣ በሽተኛ የሚመስል ድንች።

ለጥገኝነት ቃለ መጠይቅ የተጠራሁ ቀን መነጽር ያደረጉ ሴትዮ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው የአዲስ አበባ ልጅ የሆነ አስተርጓሚ።

«አገርሽ ያስፈራራሽ ሰው አለ?» አሉኝ።

«እናቴ።»

«ምን ብላ?»

«በቁምሽ ተለቀሰልሽ ብላ።»

ጻፉ። «እናትሽ የቀብር ሥነ ሥርዓትሽን አዘጋጅታ ነበር?»

«ኧረ እኔ ነኝ ያዘጋጀሁት።»

«የራስሽን ቀብር?»

«ዳንስ ነው።»

ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ይህን ዳንስ መንግሥት ከልክሎታል?»

«አልከለከለም። እንዲያውም የምስክር ወረቀት ሰጥቶናል።»

አስተርጓሚው ዓይኑን ጨፈነ። በኋላ ኮሪደር ላይ «አንቺ ልጅ፣ እዚህ አገር ምስክር ወረቀት አለኝ ተብሎ ጥገኝነት አይጠየቅም» አለኝ። እኔ ደግሞ ውሸት መናገር ሲኖርብኝ አፌ ይታሰራል። እንዲያውም ሴትዮዋ ዳንሰኛ መሆኔን ለማረጋገጥ ትንሽ እንዳሳያቸው ጠየቁኝና ተነሥቼ እናቴ እንደምትደቃው ደረቴን መደቃት ጀመርኩ። ድምፄንም ለቀቅኩት። አራት ጊዜ ሳልመታ በሩ ተበረገደ። ለአፍታ ልቤን ደስ አላት፤ ሰፈሩ የመጣ መሰለኝ። የመጣው ግን ዘበኛው ነው፣ ከኋላው ነርስ፣ የደም ግፊት መለኪያ ይዛ። ወንበር ላይ አስቀምጠው ክንዴን አሰሩኝ። «ደህና ነኝ» አልኩ። «ደህና ናት» አለ አስተርጓሚው። ነርሷ ሁለታችንንም አላመነችንም።

መልሱ ከብዙ ወራት በኋላ መጣ፤ አይሆንም የሚል። ከዚያ ዱልዱንግ የሚሉትን ወረቀት ሰጡኝ። ትርጉሙን ስጠይቅ «መኖር አልተፈቀደልሽም፣ መባረርሽ ግን ለጊዜው ቆይቷል» አሉኝ። በየጥቂት ወሩ ይታደሳል። ከሱ ጋር ሁልጊዜ አንድ ደብዳቤ ይመጣል፤ በገዛ ፈቃድሽ ብትመለሺ የአውሮፕላን ቲኬትሽን እንችላለን የሚል። ትሕትናው! ደግሰው ሊሸኙኝ ምንም አልቀራቸው።

በኋላ የሽማግሌዎች መጦሪያ ቤት በጽዳት ሥራ ገባሁ፤ በአንዲት መበለት ቤትም ከላይኛው ፎቅ ክፍል ተከራየሁ። ፍራው ሊንደ ይባላሉ፤ ፍራው ወይዘሮ ማለታቸው ነው። ክፉ ሴት አይደሉም። አንድ ቀን እሑድ ከምሳ በኋላ የድሮውን ሥራ ሰውነቴ እንዳይረሳው ብዬ ቀሚሱን አልጋ ላይ ዘርግቼ ስለማመድ ኮርኒሳቸውን በመጥረጊያ እጀታ ነረቱት። ከዚያ ራሳቸው ወጡ።

«ምንድን ነው የምትሠሪው?»

«ለቅሶ ነው ፍራው ሊንደ።»

«ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሩኸጻይት ነው፣ የፀጥታ ሰዓት። እሑድ ደግሞ ቀኑን ሙሉ።»

«ሰው ቢሞትስ?»

ቆም ብለው አሰቡ፤ የምር አሰቡ። «በፀጥታ» አሉኝ።

ቀልድ መስሎኝ ነበር። መጦሪያ ቤቱ ውስጥ ግን እውነት መሆኑን አየሁ። ሰው ሲሞት መስኮቱን ይከፍታሉ፣ ሻማ ያበራሉ፣ ልብሱን በሰማያዊ ፌስታል ከተው ኮሪደር ላይ ያስቀምጣሉ። ልጅ ካለው መጥቶ ይወስዳል። ካልመጣ ሐሙስ ዕለት መኪና ይወስደዋል። እኔ ኮሪደሩን ስወለውል ፌስታሎቹን እያነሣሁ ከሥራቸው እጠርጋለሁ። አንዳንዴ ሹራብ እጅጌው ወጥቶ ይታየኛል። ይህን ሳይ ማን አለቀሰለት እላለሁ። ከዚያ ለራሴ ማን እንዳለ አስባለሁ።

ለመምህር አድማሱ ለመደወል አንድ ዓመት ፈጀብኝ። ስድብ አሰናድቼ ነበር፤ እሳቸው የሚሰድቡኝን ማለቴ ነው። «ሰረቅሽን፣ አዋረድሽን» ሲሉኝ ምን እንደምመልስ በቃሌ ይዤ ነበር።

«ትርንጎ! ደህና ነሽ? ጉልበትሽስ?» አሉኝ።

ማልቀስ ጀመርኩ። «ይቅር ይበሉኝ መምህር። ያን ቀን ማታ ምን አደረጋችሁ?»

«መሐሉን ባዶ አድርገን ሠራን። ልብስም የለ፣ አንችም የለሽ። አራቱ ባዶ ወለል እየዞሩ አለቀሱ።»

«ከዚያስ?»

«ኤምባሲው ከዚያ ወዲህ ቪዛ አይሰጠንም፤ እሱ ይቅር። ሥራው ግን በርትቷል። አምስተኛዋ ቀርታ ይሻላል። ላጽናናሽ ብዬ አይደለም፣ እውነቴን ነው።»

ቢሰድቡኝ በተሻለኝ። በሰው አገር ወለል ስወለውል «ቦታዬ ባዶ ሆኖ ይጠብቀኛል» እያልኩ ነበር የምጽናናው። ባዶነቱ ከኔ ይሻላል ሲሉኝ በቁሜ ተቀበርኩ። ስለ ውባለም ቀሚስ ስጠይቃቸው «እሷ ምንም አላለች» አሉ። አገሬ ብሆን ድንጋይ በአንገቴ ተሸክሜ ደጇ ላይ እንበረከክ ነበር። እዚህ ሆኜ ያለኝ ፖስታ ቤት ነው። ካርቶን ገዛሁ፣ ቀሚሱን አጥፌ አስገባሁት፣ በፕላስተር ዙሪያውን አሸግሁት፣ አድራሻዋንም ጻፍኩ። ይሁን እንጂ ፖስታ ቤት መሄዱን ዛሬ ነገ እያልኩ ካርቶኑ ከአልጋዬ ሥር ከረመ። እሱን ከላክሁ ከነዚያ ሰዎች ጋር የሚያገናኘኝ ምን ይቀራል?

ባለፈው ኅዳር፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ካርቶኑን አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ኮቴን ለብሼ ሳለ ስልኬ ጠራ። ውባለም ናት። ከወጣሁ ወዲህ ድምፅዋን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

«ትርንጎ፣ አንበሳሜ ነን» አለችኝ። «ትናንት ገበያው ዳር ሠራን። ስሚኝማ፣ ልንገርሽ። መምህር በገበሬው ፊት ባዶ መሬት ላይ አናለቅስም፣ ልብስ ያስፈልጋል አሉ። የኔው እንደሆነ አንች ጋ ነው። ሌላ ቸገረኝና እማማ ጥሩ ዘንድ ሄጀ ‹የትርንጎን አንድ ቀሚስ ያውሱኝ› አልኳቸው።»

«እናቴን? አበደሽ!»

«ያባርሩኛል ብየ ነበር። ሳጥኑን ከፈቱ። ያንን ለጥምቀት የሰፉልሽን፣ ባለ ሰማያዊ ጥልፉን አወጡ። ላነሣው ስል ‹ተይው፣ እኔው ይዠው እመጣለሁ› አሉኝ። በእጃቸው ይዘው መጥተው ራሳቸው መሐል ላይ ዘረጉት። እጅጌውን ሲያስተካክሉ ብታያቸው...»

«ከዚያስ?»

«ከዳር ቁመው አዩን። እስከ እኩሌታ ድረስ አዩን። ከዚያ ነጠላቸውን ዘቀዘቁና ገቡ። እኛ አቆምን፣ ምን እናድርግ? እሳቸው ያንችን ሙሾ አወረዱ። ገበያው በሙሉ ተነቅሎ መጣ።»

ስንኙን በስልክ ነገረችኝ። ሰው ሁሉ ይዞታል አለች፤

ቀሚስሽን አየሁ አልጋ ላይ ተኝቶ፣
ምነው ክንድ ሳይኖረው እጅጌው ተዘርግቶ።

ኮቴን እንደለበስኩ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ይኸው አየችው! ስንት ዓመት ለምኜ እንቢ ያለችኝን አየችው። እኔ ግን በቦታው አልነበርኩም፤ ሥራው የሚለውም ይህንኑ ነው። በገዛ እጄ ነው ያደረግሁት። ሟርት ስትለኝ ሳቅሁባት፤ አሁን ማን ይስቃል?

«እዚህ ናቸው» አለች ውባለም። «ላገናኝሽ?»

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ የነጠላ መንኰሻኰሽ ሰማሁ። ከዚያ ትንፋሽዋን። የእናቴን ትንፋሽ ከሺህ ሰው መሐል አውቀዋለሁ።

«እማየ?»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ያዝኩት።

«እማየ፣ እኔ ነኝ።»

«አወቅሁሽ» አለችኝ። ድምፅዋ ከልቅሶው ብዛት ሰልሏል። «ከስተሻል?»

«ድምፄን ሰምተሽ ነው መክሳቴን ያወቅሽው?»

«እና በምን ልይሽ?»

ከሁለታችንም ሳቅ መሰል ነገር ወጣ፤ ወዲያው ጠፋ። ስለ ከብቶቹ ነገረችኝ። ገብሱን ውርጭ እንደመታው ነገረችኝ። እኔ ሥራ መያዜን፣ ቤቴ ሙቅ መሆኑን ነገርኳት። የምፈራውን ጥያቄ እሷ አላነሣችም፤ እኔው አነሣሁት።

«ቀሚሴን ሳጥኑ ውስጥ መለስሽው?»

«የተለቀሰበት ልብስ ሳጥን ይመለሳል እንዴ? ለውባለም ሰጠኋት። የሷን አንች ወሰድሽባት አይደል። ልጀ የሰው ልብስ ይዛ ስትቀር እኔ ምን አንገት አለኝ?»

«የሷን ልመልስላት ነው እማየ። አሁን ካርቶን ውስጥ ነው። ዛሬውኑ በፖስታ—»

«ተይ!» አለች። እንዲህ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም፤ በለቅሶ ቤትም ቢሆን። «ተይ ልጀ፣ በፖስታ እንዳትልኪው።»

«ለምን? ይደርሳል እኮ።»

«መድረሱን መች አጣሁት። ይዘሽው ነይ። እንደ ዳንስ ያለቀስኩት አንድ ጊዜ ይበቃኛል። የሰው ልብስ ብቻውን ሲመጣ አገርሽ ምን እንደሚያደርግ ታውቂያለሽ።»

ካርዱ አለቀና መስመሩ ተቋረጠ። መልሼ ብደውል አልገባ አለኝ። ጠረጴዛው ላይ ካርቶኑ አለ፤ ከጎኑ «በገዛ ፈቃድሽ ብትመለሺ» የሚለው ደብዳቤ። እሄዳለሁ ብዬ አልጻፍኩላችሁም፤ አልሄድም ብዬም አይደለም። ስንት ጊዜ ወሰንኩ፣ ስንት ጊዜ ፈራሁ። ባዶ እጄን፣ በተበላሸ ጉልበቴ፣ ያለኔ ወደ በረታው ሥራ እንዴት እመለሳለሁ? ያን ቀን ያደረግሁት ግን ይኸ ነው። ኮቴን አወለቅሁ። የካርቶኑን ፕላስተር በቢላ ቀድጄ ቀሚሱን አወጣሁት። ታጥፎ በመክረሙ ተጨማዶ ነበር። ከፍራው ሊንደ ካውያ ተዋስኩና፣ ጥልፉ እንዳይቃጠል እርጥብ ጨርቅ ደርቤ፣ ከእጅጌው ጀምሬ ተኮስኩት።